አድማጩ ቀልደኛ

በቀልድ ሙያ እንጀራውን ሊበላ የሚነሣ ወጣት ሁሉ በአንደበቱ ፍጥነት፣ በድምፁ ኃይልና ሰውን በነገር ለመውጋት ባለው ድፍረት የሚመዘንበት፣ በመድረክ ላይ ዝም ማለትም እንደ ውድቀት የሚቈጠርበት ዘመን ላይ ስለ ደረስን፣ የዚህን አስተያየት ስሕተትነት በአንድ ሰው የሕይወት ሥራ ማስረዳት የሚጠቅም መስሎ ታይቶኛል። ሰውየው ቦብ ኒውሃርት የተባለው አሜሪካዊ ቀልደኛና የቴሌቪዥን ተዋናይ ነው። በዚህ ሙያ ስልሳ ዓመት ያህል ሲኖር በድምፁ ጮኾ ሕዝብን ለማሳቅ የሞከረበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው፤ ሲናገር ይንተባተባል፤ አቋቋሙና አለባበሱም ከባንክ ቤት ወጥቶ መንገድ የጠፋው ጸሐፊ ያስመስለው ነበር። ሆኖም ባለፈው ክፍለ ዘመን የአሜሪካን ሕዝብ ካሳቁት ሰዎች መካከል የእርሱን ያህል ዕድሜ ያለው ዝና ያገኙት ብዙ አይደሉም። ይህም የሆነው፣ እኔ እንደማምነው፣ ጉድለቱን በሌላ ጸጋ ስለ ሸፈነ ሳይሆን፣ የሙያው ዋና ምሥጢር የሆነውን ማዳመጥን ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ያዘ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ኒውሃርት በ1929 በቺካጎ አጠገብ በምትገኘው ኦክ ፓርክ ከካቶሊካውያን ወላጆች ተወለደ። ትምህርቱን የተማረው በኢየሱሳውያን መነኮሳት እጅ ሲሆን፣ በ1952 ከቺካጎው ሎዮላ ዩኒቨርሲቲ በንግድ ትምህርት ተመርቆ ወጣ። የኮርያ ጦርነት ጊዜ ስለ ነበረ ወደ ውትድርና ተጠራ፤ ከዚያም ሲመለስ የሕግ ትምህርት ጀምሮ ሳይፈጽመው ተወው፤ በመጨረሻም በአንድ ትልቅ የግንባታ ዕቃ ኩባንያ የሒሳብ ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ። ስለዚህ ሥራው ኋላ በመድረክ ላይ ደጋግሞ እንዳጫወተው፣ ማታ ማታ የጥቃቅን ወጪውን ገንዘብ፣ የዛሬ የቢሮ ሰዎች ፔቲ ካሽ የሚሉትን ማለት ነው፣ ከደረሰኙ ጋር ሲያመዛዝን ሒሳቡ ጥቂት ሳንቲም የጐደለ እንደ ሆነ ከኪሱ ይጨምራል፤ የተረፈም እንደ ሆነ ወደ ኪሱ ይከታል፤ አለቃውም ይህን ባወቀ ጊዜ እንዲህ ያለው አሠራር በሒሳብ ሊቃውንት ዘንድ የተፈቀደ አለመሆኑን በትዕግሥት አስረዳው። ለጥቂት ጊዜም ሥራ ላጡ ሰዎች መደጐሚያ በሚከፈልበት ቢሮ ጸሐፊ ሆኖ ነበር፤ እዚያም ሥራ ፈቶቹ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ብቅ ብለው የሚቀበሉት ገንዘብ፣ እርሱ ሳምንቱን ሙሉ ደክሞ ከሚያገኘው ብዙም የማያንስ መሆኑን ሲረዳ ቢሮውን ለቀቀ። ታሪኩ ለጨዋታ ሲባል ጥቂት ቀለም ተጨምሮበት ይሆናል፤ ቀልደኛ ስለ ራሱ ሲተርክ እንደ ምስክር ቃል መሐላ አይጠየቅም።

የሙያው ጥንስስ ግን እዚያው የሒሳብ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሥራው ሲሰለቸው በማስታወቂያ ሥራ ለተሰማራ አንድ ባልንጀራው ስልክ ይደውላል፤ ራሱንም በአንድ ፋብሪካ ውስጥ ታላቅ ጥፋት እንደ ደረሰበት ሹም አድርጎ ይነግረዋል፤ ያም በዚያ በኩል ነገሩን እየተቀበለ ያዋዛዋል። ጨዋታው መልካም ሆኖ ስለ ታያቸው ሁለቱ በድምፅ መቅጃ እየቀዱ ለሬዲዮ ጣቢያዎች ለመሸጥ ሞከሩ፤ ትርፉ ግን ከወጪው አልፎ አልታየም። ኋላም ባልንጀራው የተሻለ ሥራ አግኝቶ ወደ ኒውዮርክ ሄደ። ኒውሃርትም የስልኩን አንድ ጫፍ እንደ ያዘ ብቻውን ቀረ። ሌላ ሰው ቢሆን አዲስ ጓደኛ ይፈልግ ነበር፤ እርሱ ግን የጐደለውን ሰው በሌላ ሰው ሳይተካ፣ ጉድለቱን ራሱን ለሥራው መሠረት አደረገው። ውሎ አድሮም በመድረክ ላይ ቆሞ፣ የሌለ ስልክ በጆሮው አስጠግቶ፣ የማይሰማ ሰው ሲናገር እያዳመጠ፣ ጥቂት እየመለሰ ሕዝብን ያስቅ ጀመር።

የዚህን ጥበብ አሠራር ቀረብ ብሎ መመልከት ይገባል፤ ጉዳዩ ሁሉ ያለው በዚህ ነውና። ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቹ በአንደኛው ኒውሃርት የዘመኑ የማስታወቂያ ባለሙያ ሆኖ ይቀርባል። በስልኩ ወዲያኛው ጫፍ ያለው ደንበኛው ደግሞ ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ነው፤ ጊዜውም በ1863 ታላቁን ንግግር ለማድረግ ወደ ጌቲስበርግ በሚሄድበት ዋዜማ ነው። ሊንከን የሚለውን አንድም ቃል አንሰማም። የምንሰማው የባለሙያውን ወገን ብቻ ነው፤ እርሱም በመጀመሪያ በታላቅ ትሕትና ሰላምታ ያቀርባል፤ ከዚያ ጸጥ ይላል፤ ከዚያም ድምፁ ጥቂት ተለውጦ፣ ጢምህን ልትላጭ አስበሃል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ጢሙ፣ ረጅሙ ባርኔጣና በትከሻ የሚጣለው ነጠላ በአንድነት ተጠንተው የተወሰኑ ስለ ሆኑ አንዱ ቢነሣ ሌላው ሁሉ እንደሚፈርስ ያስረዳዋል። እንደገና ጸጥታ። ንግግሩን በጽሕፈት መኪና አሳምሮ እንዳስጻፈው ሊንከን ሳይነግረው አልቀረም፤ ባለሙያው በፖስታ ጀርባ ላይ በእጅህ ጻፍ ያልኩህ ስንት ጊዜ ነው ብሎ እያዘነ ይወቅሰዋልና። በዚህ ሁሉ መካከል ሊንከንን፣ ያን ታላቅ ሰው፣ ምክር የማይገባውና ትንሽ ቸኰል ያለ ደንበኛ አድርገን የሣልነው እኛ ነን። ቀልደኛው ስለ እርሱ አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረም። ግማሹን ሠርቶ ግማሹን ለአድማጩ ኅሊና ተወለት፤ አድማጩም የራሱን ግማሽ ሠርቶ ሲጨርስ በገዛ ሥራው ይስቃል።

ሌላው የታወቀ ጨዋታው ሰር ዋልተር ራሌ ከአሜሪካ ወደ ለንደን ስለ ደወለው ስልክ የሚናገር ነው። በለንደን ያለው የንግድ ማኅበር ሹም ከባሕር ማዶ ብዙ ሸክም ቅጠል እየተላከለት መሆኑን ይሰማል። ቅጠሉ ለምን እንደሚያገለግል ይጠይቃል፤ መልሱን ያዳምጣል፤ የሰማውንም ቀስ ብሎ እየደጋገመ፣ ቅጠሉ ደርቆ በወረቀት እንደሚጠቀለል፣ ከዚያም በአፍ ተይዞ እሳት እንደሚለኰስበት ለራሱ ያስረዳል። ሹሙ አይቈጣም፤ ራሌንም እብድ ነህ አይለውም። የሚያስቀው ለሰውየው ያለው አዘኔታ ነው። በመጨረሻም ራሌ በወዲያኛው ጫፍ ቡና እንደ ፈሰሰበት ይናገራል፤ ሹሙም ቡና ምን እንደ ሆነ ጠይቆ፣ ከፍሬ የሚፈላ መጠጥ መሆኑን ሲሰማ፣ እንግዲያው ከዚያም ፍሬ አንድ መርከብ ሙሉ ላክልን ብሎ በተስፋ መቁረጥ ያሰናብተዋል። ቡና ከማን ምድር እንደ ወጣ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ በዚህ ስፍራ ላይ ከሌላው ይልቅ አብዝቶ ቢስቅ አይፈረድበትም። ታሪክ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ራሌ በ1618 አንገቱ ሲቀላ በለንደን ገና አንድም ቡና ቤት አለመከፈቱን አንሥቶ ሊከራከር ይችላል፤ ክርክሩ ትክክለኛ ነው፤ ለቀልዱ ግን ምንም አይጠቅመውም።

በእነዚህ ጨዋታዎች ውስጥ ያለው ከባድ ሥራ የጸጥታው ልክ ነው። ጸጥታው ያጠረ እንደ ሆነ አድማጩ የወዲያኛውን ሰው ንግግር በኅሊናው ለመድረስ ጊዜ ያጣል፤ የረዘመ እንደ ሆነም የደረሰው ነገር ይቀዘቅዝበታል፤ ስለዚህ ቀልደኛው ማንም የማይናገረውን ንግግር ቃል በቃል በውስጡ እየሰማ፣ በእውነት የሚሰማ ሰው የሚያስፈልገውን ያህል ጊዜ ብቻ መጠበቅ አለበት። ፊቱም የሰማውን መምሰል አለበት። የገዳም አባቶች አርምሞ የሚሉት ዝምታ አፍን ከመዝጋት የተለየ፣ ውስጡ ሥራ ያለበት ዝምታ ነው፤ ኒውሃርት በመድረክ ላይ ያደርገው የነበረው ዝምታም በዓለማዊው ግብር ከዚህ የራቀ አይመስለኝም። እርሱ ራሱ በዚህ ረገድ ታላቅ አድርጎ ይመለከተው የነበረው ቀልደኛውን ጃክ ቤኒን ነው፤ ቤኒ የሕዝቡን ዝምታ ሳይፈራ የሚጠብቅ ሰው ነበርና።

ስልክን ለቀልድ መሣሪያ ያደረገ የመጀመሪያው ሰው ኒውሃርት አይደለም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ እንኳ የአንድ ወገን የስልክ ንግግር በሸክላ ተቀርጾ ይሸጥ ነበር፤ ከእርሱ ጥቂት ቀደም ብሎም ሼሊ በርማን የተባለው ቀልደኛ በዚሁ ዘዴ ታውቆ ስለ ነበር፣ የእኔን ነገር ወሰደብኝ በማለት ቅር መሰኘቱ አልቀረም። ዘዴ ግን የማንም ርስት አይደለም። በርማን በስልኩ የሚናገረው የራሱን ጭንቀት ነበር፤ ኒውሃርት ግን በስልኩ የሌላውን ሰው አዳመጠ። ልዩነቱ ይኸው ነው።

አሁን ኒውሃርት ራሱ ወደ ሸክላ እንዴት እንደ ገባ እንመልከት። ዳን ሶርኪን የተባለ የቺካጎ የሬዲዮ ሰው የኒውሃርትን ቅጂዎች ለዋርነር ብራዘርስ የሸክላ ኩባንያ አሰማለት። ኩባንያው ከተመሠረተ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም፤ ገበያውም አልቀናውም ነበር። ሰዎቹ ነገሩን ወደዱትና በሚቀጥለው የምሽት ክበብ ዝግጅትህ ላይ መጥተን በሕዝብ ፊት እንቀዳሃለን አሉት። ችግሩ ኒውሃርት የሚቀጥል ቀርቶ ያለፈም ዝግጅት የሌለው መሆኑ ነበር፤ በምሽት ክበብ መድረክ ላይ ቆሞ አያውቅም። ስለዚህ በቴክሳስ ሂውስተን ከተማ በታይድላንድስ ክበብ ቦታ ተፈልጎለት፣ በ1960 መጀመሪያ ላይ አንድ የሠላሳ ዓመት ሒሳብ አዋቂ ከፍርሃቱ ጋር እየታገለ የሠራቸው ጨዋታዎች ተቀዱ። ከዚያ የተገኘው ሸክላ በአሜሪካ የሽያጭ ሠንጠረዥ አንደኛ ወጣ፤ የቀልድ ሸክላ እንዲህ ያለ ስፍራ ሲይዝ ያ የመጀመሪያው ነበር። በተከታዩ ዓመት የግራሚ ሽልማት ሲሰጥ ከዘፋኞቹና ከሙዚቀኞቹ ሁሉ በልጦ የዓመቱን ምርጥ አልበም ሽልማት ወሰደ፤ የምርጥ አዲስ ከያኒ ሽልማትም ተጨመረለት። ሁለተኛውም ሸክላ ሲወጣ ሁለቱ በአንድነት አንደኛና ሁለተኛ ሆነው ተቀመጡ፤ ይህን የመሰለ ነገር እስከ 1991 ድረስ ለሌላ ሰው አልሆነለትም።

ሰው በድምፅ ብቻ እንዲህ ያለ ክብር ካገኘ በምስል የበለጠ ያገኛል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው፤ ቴሌቪዥንም እንደዚሁ አሰበ። በ1961 በስሙ የተሰየመ ልዩ ልዩ ጨዋታ የሚቀርብበት ዝግጅት ተሰጠው። ዝግጅቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ለቴሌቪዥን ሥራ የሚሰጡትን የኤሚንም የፒባዲንም ሽልማት ተቀበለ፤ በዚያው ዓመትም ተዘጋ። ምክንያቱን ለመረዳት ብዙ ምርምር አያስፈልግም፦ በየሳምንቱ አዲስ ንግግር ይዞ ብቅ ማለት የተናጋሪ ሥራ ነው፤ ይህን ሰው ደግሞ ተናጋሪ እንዲሆን ጠየቁት።

እውነተኛውን ስፍራ ያገኘው ከዐሥር ዓመት በኋላ ነው። በ1972 በሲቢኤስ ጣቢያ የተጀመረው የቦብ ኒውሃርት ዝግጅት ተከታታይ ድራማ ሲሆን፣ ዴቪድ ዴቪስና ሎሬንዞ ሚውዚክ የተባሉት ደራስያን ዋናውን ሰው፣ ሮበርት ሃርትሊን፣ የቺካጎ የሥነ ልቡና ባለሙያ አደረጉት። በእኔ ግምት ለአንድ ተዋናይ ጠባይ ከዚህ የተሻለ ሙያ በቴሌቪዥን ታሪክ አልተመረጠም። የሰውየው እንጀራ ማዳመጥ ነው። ሰዎች ወደ ቢሮው እየመጡ የልባቸውን ያፈሳሉ፤ ሚስተር ካርሊን የተባለው ነጭናጫ ታካሚ ዓመት እስከ ዓመት ምንም ሳይሻለው ይመላለሳል፤ ጎረቤቱ ሳያንኳኳ ዘልቆ ይገባል፤ በዚያው ፎቅ ላይ ያለው የጥርስ ሐኪም ይቀልድበታል፤ እርሱም ያዳምጣል። የቀደመው ስልክ እነሆ በሌላ መልክ ተመለሰ፤ በፊት የማይሰሙት የወዲያኛው ጫፍ ሰዎች አሁን ሥጋ ለብሰው በፊቱ ተቀምጠዋል፤ የእርሱ ግብር ግን አልተለወጠም። ታካሚው አንድ ጉድ ተናግሮ ሲያበቃ ካሜራው ወደ ሃርትሊ ይዞራል፤ ሃርትሊም ዐይኑን አንድ ጊዜ ጨፈን ገለጥ አድርጎ፣ አንድ ቃል ጀምሮ፣ ያንኑ ቃል ሁለት ጊዜ ተንተባትቦበት ይተወዋል፤ በስቱዲዮው የተቀመጠውም ሕዝብ የሚስቀው በዚህን ጊዜ ነው፤ ታካሚው ሲናገር አይደለም።

ሰውየው በመጀመሪያ ከባድ የአእምሮ ሕመምተኞችን የሚያክም ሐኪም እንዲሆን ታስቦ ነበር። ይህ እንዲለወጥ የተደረገው በእውነት በታመሙ ሰዎች ላይ መሳቅ ተገቢ ስላልሆነ ነው፤ ወደ ሥነ ልቡና ባለሙያ የሚመጡት ግን እንደ ማናችንም ያሉ፣ አውሮፕላን የሚፈሩ፣ ከእናታቸው ጋር የማይስማሙ ሰዎች ናቸው። ኒውሃርት ሌላም ውል አስገብቶ ነበር፦ በዝግጅቱ ውስጥ ልጆች እንዳይኖሩ። አባት ሞኝ ሆኖ፣ ልጆቹ ብልኆች ሆነው በየሳምንቱ ከስሕተቱ የሚያድኑበትን የዘመኑን ልማድ አይወድም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደራስያኑ የሃርትሊ ሚስት ኤሚሊ የምታረግዝበትን ድርሰት ላኩለት። አንብቦ ድርሰቱ በጣም መልካም መሆኑን ገለጠላቸው፤ ቀጥሎም በትሕትና፣ የቦብን ሚና ማን እንዲጫወተው እንዳሰቡ ጠየቃቸው። እርግዝናው ቀረ።

የመንተባተቡም ነገር እንዲሁ ነው። ሰው ሁሉ የአንደበት ጉድለት የሚለውን እርሱ ከልማዱ ሳያስተካክል ተወው፤ ጭራሹንም ለጸጥታው ልክ መለኪያ አደረገው። አንድ ጊዜ ዝግጅቱ ከተመደበለት ደቂቃ ስለ ረዘመ፣ ቃላቱን እንዲያፈጥንና መንተባተቡን እንዲቀንስ ቢጠየቅ፣ በቤቨርሊ ሂልስ ያለውን ቤት የገዛለት ያው መንተባተብ መሆኑን አስታውሶ እንደ መለሰ ይነገራል።

ድራማው ስድስት ዓመት ቆይቶ፣ ገና ተመልካች ሳያጣ በ1978 ተፈጸመ። ከአራት ዓመት በኋላ ኒውሃርት በሌላ ተከታታይ ድራማ ተመለሰ፤ በዚህኛው በቬርሞንት ገጠር የእንግዳ ማረፊያ የገዛ ዲክ ላውደን የተባለ ጸሐፊ ነው፤ ዙሪያውንም የከበቡት የመንደሩ ሰዎች ከቺካጎ ታካሚዎች ይልቅ የባሱ ናቸው። ከእነርሱ መካከል ላሪ የተባለው ገጠሬ ወደ ማረፊያው በገባ ቁጥር ራሱንና ሁለቱም ዳሪል የሚባሉትን ወንድሞቹን ያስተዋውቃል፤ ወንድማማቾቹ ዳሪሎች ለዓመታት አይናገሩም፤ ላውደንም የእነርሱን ዝምታ እንኳ በትዕግሥት ያዳምጣል።

የዚህ ድራማ ፍጻሜ በሜይ 21 ቀን 1990 ታየ፤ በቴሌቪዥን ካየኋቸው ፍጻሜዎች ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ነው። አንድ ጃፓናዊ ባለጸጋ መንደሩን ሁሉ ገዝቶ የጎልፍ ሜዳ ያደርገዋል፤ ላውደን ብቻ ማረፊያውን አልሸጥም ብሎ ይቀራል፤ በመጨረሻም አንድ የጎልፍ ኳስ በርሮ ራሱን ይመታውና ይወድቃል። ይጨልማል። ከዚያም በጨለማው ውስጥ የራስጌ መብራት ይበራል፤ አልጋ ይታያል፤ መኝታ ቤቱ የቬርሞንቱ አይደለም፤ ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት የተዘጋው የቺካጎው የሃርትሊ መኝታ ቤት ነው። በስቱዲዮው ያለው ሕዝብ የግድግዳውን ወረቀትና የአልጋውን ራስጌ ዐውቆ፣ ገና ማንም ሳይናገር ጩኸትና ጭብጨባውን አቀለጠው። ሰውየው ሚስቱን ቀስቅሶ በቬርሞንት የእንግዳ ማረፊያ ያለኝ ሆኜ እንግዳ ሕልም ዐለምኩ ይላታል፤ ከአጠገቡ የተኛችውም በቀድሞው ድራማ ኤሚሊን የተጫወተችው ሱዛን ፕሌሼት ናት፤ ከመኝታ በፊት የጃፓን ምግብ መብላቱን እንዲተው ትመክረዋለች። ስምንት ዓመት ሙሉ የታየው ድራማ ሕልም ሆኖ ተገኘ። ምሥጢሩ ተጠብቆ የቈየው በብዙ ጥንቃቄ ሲሆን፣ ሐሳቡን ያመነጨችው የገዛ ሚስቱ ጂኒ መሆኗን ኒውሃርት ይናገር ነበር። የዚህ ፍጻሜ ጥበብ ያው የጥንቱ የስልክ ጥበብ ነው፤ ደራስያኑ ስለ ቀድሞው ድራማ አንዲት ማስታወሻ አልሰጡም፤ ሕዝቡ ራሱ አስታውሶ የጐደለውን እንዲሞላ ተዉለት፤ ሕዝቡም ሞላው።

ከዚህ በኋላ በ1992ና በ1997 የሞከራቸው ሁለት ድራማዎች ብዙም አልዘለቁም፤ በእነርሱ ላይ ጊዜ አላጠፋም።

ተቃዋሚዬ የሚያቀርበውን ክርክር ግን በዝምታ ማለፍ አልፈልግም። ይህ ሰው ታላቅ የተባለው በ1960ዎቹ ነው፤ ያ ዘመን ጥቁሮች አሜሪካውያን ለመብታቸው በውሻና በውሃ ቧንቧ የተደበደቡበት፣ ወጣቶች በቬትናም የረገፉበት ዘመን ነው፤ እርሱ ግን ስለ ሊንከን ጢምና ስለ ትምባሆ ቅጠል ይቀልድ ነበር ይላል ተቃዋሚዬ። ነገሩ ከፊሉ እውነት ነው። ጥቁር አሜሪካዊው ቀልደኛ ሪቻርድ ፕራየር የራሱንና የወገኑን ቁስል በመድረክ ላይ ሲገልጥ የተሸከመውን ሸክም ኒውሃርት አልተሸከመም፤ ሊሸከመውም አልሞከረም፤ የማርክ ትዌይን የቀልድ ሽልማት በ1998 ሲጀመር በመጀመሪያ ለፕራየር ተሰጥቶ ለኒውሃርት በ2002 መሰጠቱም ተራውን የጠበቀ ነው እላለሁ። ኒውሃርትም ፕራየርን ከማንም በላይ ያከብር ነበር። ይሁን እንጂ የሊንከኑን ጨዋታ ንጹሕ ጨዋታ ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። ሸክላው የወጣው የፕሬዚዳንትነት ዕጩዎቹ ኬኔዲና ኒክሰን በቴሌቪዥን ፊት ለፊት ከመከራከራቸው ጥቂት ወራት አስቀድሞ ነበር፤ የአገር መሪ በአስተዋዋቂ እጅ እንደ ሳሙና የሚሸጥበት ዘመን መድረሱን፣ አንድም ፖለቲከኛ በስሙ ሳይወቅስ፣ ከብዙ ጋዜጠኞች ቀድሞ አሳይቷል።

ሌላው ተቃውሞ ቀልድ ያለ ስድብ አይጣፍጥም የሚለው ነው። ለዚህ መልሱ ዶን ሪክልስ ነው። ሪክልስ ሰውን በመስደብ የታወቀ፣ የስድብ ሊቅ የሆነ ቀልደኛ ነበር፤ የኒውሃርትም የቅርብ ወዳጅ እርሱ ነበር፤ ሁለቱ ባልንጀሮች ከነሚስቶቻቸው አብረው ዓለምን ይዞሩ ነበር። አንዱ የሌላውን መንገድ አልናቀም። እኔም ተሳዳቢው ቀልደኛ ከመድረክ ይውረድ አልልም። የምለው ተሳዳቢውን በሁለተኛው ቀን እንዳንሰለቸው የሚያደርገው የሰደበው ሰው ሲደነግጥ ማየቱና መጠበቁ ነው፤ እርሱም ቢሆን ሳያዳምጥ አይሳደብም።

በ2006 የኤሚ ሽልማት በዓል ላይ የመድረኩ መሪ ኮናን ኦብራየን በዓሉ ከሦስት ሰዓት እንዳያልፍ ዋስ አስያዝኩ ብሎ፣ ሰባ ስድስት ዓመት የሆነውን ኒውሃርትን አየር በማያስገባ የመስተዋት በርሜል ውስጥ አስገብቶ አሳየ። በውስጡ ያለው አየር ለሦስት ሰዓት ብቻ ስለሚበቃ፣ ተሸላሚዎች ምስጋናቸውን ያስረዘሙ እንደ ሆነ ሽማግሌው ይሞታል ማለት ነው። ካሜራው በየጊዜው ወደ በርሜሉ ይዞር ነበር፤ ኒውሃርትም እጁን አጣምሮ፣ ማንንም ማስቸገር እንደማይወድ ሰው፣ በሥጋት ይመለከት ነበር። የሥራው መሣሪያ ፊቱ ብቻ ነበር፤ አዳራሹን ከማንም አብልጦ ያሳቀ እርሱ ነው።

በ2013 ቢግ ባንግ ቴዎሪ በተባለው ድራማ ውስጥ ቀድሞ በቴሌቪዥን የልጆች የሳይንስ ዝግጅት ያቀርብ የነበረውን ፕሮፌሰር ፕሮቶንን ተጫወተ። ከመስማማቱ በፊት ድራማው በሕዝብ ፊት የሚቀረጽ መሆኑን ጠይቆ ነበር፤ የሚያዳምጠውን ሕዝብ ሳያዳምጥ መሥራት አይሆንለትምና። በዚያው ዓመት፣ በሰማንያ አራት ዓመቱ፣ ለትወናው የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ኤሚ ተቀበለ። እዚህ ላይ ነው የዳኞቹ ነገር የሚያስገርመው፦ የሥነ ልቡና ባለሙያውን ሃርትሊን በተጫወተባቸው ስድስት ዓመታት ውስጥ ለዚሁ ሽልማት አንድ ጊዜ እንኳ አልታጨም። ሚስቱን የተጫወተችው ሱዛን ፕሌሼት ታጭታለች፤ ድራማውም ታጭቷል፤ እርሱ ግን ምንም የሚሠራ ስላልመሰላቸው አለፉት። ዳኞች ዛሬም የሚሸልሙት የሚናገረውን ነው።

ቦብ ኒውሃርት ስልሳ ዓመት በትዳር አብራው የኖረችው ሚስቱ ካረፈች ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በጁላይ 18 ቀን 2024 በሎስ አንጀለስ በዘጠና አራት ዓመቱ ዐረፈ። በቀልድ ሙያ ለመሰማራት የሚያስብ ወጣት፣ ወይም ለቴሌቪዥን የቀልድ ድራማ የሚጽፍ ደራሲ፣ የእንግሊዝኛ ቋንቋ የሚረዳ ከሆነ የ1960ውን ሸክላ ፈልጎ እንዲያዳምጥ እለምነዋለሁ። በመጀመሪያ እንደ ማንም ሰው ይስማውና ይሳቅ፤ ሁለተኛ ሲሰማው ግን ቃላቱን ትቶ፣ በቃላቱ መካከል ያለውን ጸጥታ ብቻ ይቍጠር።